ባሻን ለማሰብ ወደ አምባሰል

ዓርብ፣ ኅዳር 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

አጎቴ ያረፉት ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር፣ ጦርነቱ ወሎን ባዳረሰበት፣ መንገዱም ስልኩም በተዘጋበት ጊዜ ነው። መርዶው አዲስ አበባ የደረሰን መንገዱ ከተከፈተ በኋላ በታኅሣሥ ስለነበረ፣ ከባለቤታቸውና አብራቸው ከነበረችው ልጃቸው በቀር ቀብራቸው ላይ የቆመ የቅርብ ዘመድ አልነበረም። እናቴ ታላቅ ወንድሟን አፈር ሳታለብስ መቅረቷ ዓመቱን ሙሉ ሲቆረቁራት ከረመ፤ ከነገ ወዲያ እሑድ የሚወጣው ሙት ዓመታቸው ለእሷ ያልደረሰችበት ቀብርም ጭምር ነው። ስለዚህ ዛሬ ገና ሳይነጋ እናቴ፣ እኔና መኪናውን የሚነዳው የአክስቴ ልጅ ተነሥተን ወደ ደሴ የሚወስደውን 400 ኪሎ ሜትር መንገድ ተያያዝነው።

መዓርጋቸው ሻምበል ባሻ ነበር። አገሬው ግን አሳጥሮ «ባሻ» ይላቸው ስለነበር እኔም በዚህ ማስታወሻ ባሻ እላቸዋለሁ።

ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ ጠጥተን ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለውን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ወደ ደብረ ሲና ስንጀምር፣ እስከዚያ ዳዊቷን ይዛ ዝም ያለችው እናቴ፣ ባሻ በዚሁ ዳገት ይዘዋት የወጡበትን ቀን ታወራ ጀመር። ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በረሃብ ሲመታ እሷ የ10 ዓመት ልጅ ነበረች። አባታቸው ቀደም ብለው ሞተዋል፤ በሬው አልቋል፤ የተረፈችው አንዲት ላም ወተቷ ነጥፏል። ባሻ በ1960 ዓ.ም. ተቀጥረው ሐረር በሰፈረው በሦስተኛው ክፍለ ጦር ያገለግሉ ስለነበር፣ ወሬውን እንደ ሰሙ ፈቃድ ጠይቀው መጡ። እናታቸው የአባቴን ርስት ጥዬ አልሄድም ስላሉ ስንቅና ገንዘብ ትተውላቸው፣ ሁለቱን ታናናሾቻቸውን ይዘው ከደሴ በጭነት መኪና አዲስ አበባ፣ ከዚያም በባቡር ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ ሐረር ገቡ። እናቴ ዳገቱን ስትወጣ ብርድ ስላንቀጠቀጣት የወታደር ካፖርታቸውን አውልቀው እንዳለበሷትና ካፖርቱ እግሯን አልፎ መሬት ይጎተት እንደነበር ታስታውሳለች።

ባሻ ሚስት ሳያገቡ ልጅ አሳዳጊ ሆኑ። የሚኖሩት ከጦር ሰፈሩ አጠገብ በኪራይ በያዟት አንዲት ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሁለቱን ልጆች በር ላይ አቁመው ጥፍራቸውን፣ አንገትጌያቸውንና የደብተራቸውን ሽፋን አንድ በአንድ ሳያዩ ወደ ትምህርት ቤት አይሰዷቸውም። የእናቴን ዩኒፎርም በከሰል ካውያ የሚተኩሱላት ራሳቸው ነበሩ። ተረኛ ካልሆኑ እሑድ ፈረስ መጋላ ወዳለው መድኃኔ ዓለም ይዘዋቸው ይሄዳሉ፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ ቁጭ ማለት አይታሰብም። እናቴ ይህን ስትናገር፣ «ድካም አያውቅም ነበር እንጂ ክፉ አልነበረም፤ ቆመን ስንደክም ነጠላውን አጥፎ ከእግራችን ሥር ያነጥፍልን ነበር» አለችኝ። ደሞዛቸው በሦስት ተከፍሎ አንዱ እጅ በየወሩ ወደ ወሎ፣ ወደ እናታቸው ይላክ ነበር። የሚያውቁት ሁሉ የሚናገረው ስለ ጦርነታቸው ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ የ26 ዓመት ወጣት ሳሉ በአንዲት ክፍልና በአሥር አለቃ ደሞዝ የተሸከሙት ይህ ቤተሰብ ነው።

ሸዋ ሮቢትን አልፈን አጣዬ ስንደርስ የተቃጠሉት ቤቶች ግድግዳ ገና እንደ ቆመ አየን። ከሚሴ ላይ ምሳ በላን። በስተ ግራና በስተ ቀኝ ማሽላው ደርሶ ራሱን አዘንብሏል። ኮምቦልቻን አልፈን የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ጨርሰን ደሴ ስንገባ መሽቶ ነበር፤ የጦሳም ብርድ ተቀበለን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 10 ቀን 2015 ዓ.ም.

ጠዋት አረብ ገንዳ ወደሚኖሩት የባሻ የጦር ጓደኛ ቤት ሄድን። ሃምሳ አለቃ ናቸው፤ ሙስሊም፤ የደሴ ልጅ። እናቴን ሲያዩ «እህቴ፣ አብሽሪ፤ ባሻ ደህና ቦታ ነው ያለው» ብለው እጇን ይዘው ብዙ ቆዩ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ስለ ልጆችና ስለ ጤና ጠያየቅን፤ ከዚያ ስለ ካራማራ እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው።

የሶማሊያ ጦር በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ወሰን ጥሶ ሲገባ ሁለቱም ሦስተኛው ክፍለ ጦር ውስጥ፣ በአንድ ሻምበል ነበሩ። ጅጅጋ በመስከረም 1970 ስትያዝ ወደ ሐረር ያፈገፈጉት በእግር ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት ሃምሳ አለቃው የሚያስታውሱት በውጊያው ሳይሆን በውኃ ጥሙ ነው። በጥርና በየካቲት መልሶ ማጥቃቱ ሲጀመር፣ የኢትዮጵያ ሠራዊትና የኩባ ወታደሮች ጅጅጋን ከምዕራብ የሚዘጋትን የካራማራን ሰንሰለት ፊት ለፊት ከመግፋት ይልቅ በሰሜን በኩል ዞሩት፤ ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎችም በሄሊኮፕተር ከተራራው ጀርባ ወረዱ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተመለሰች። ይህን በብዙ ቦታ ሰምቼዋለሁ። ያልሰማሁት ቀጥለው የነገሩኝን ነው።

«ባሻ ያኔ ሃምሳ አለቃ ነበር» አሉ። «ከጠመንጃው ቀጥሎ የማይለየው አንዲት ትንሽ ደብተር ነበረችው። የጭፍራችን ልጆች አብዛኞቻችን ማንበብና መጻፍ አናውቅም። የሁላችንንም ስም፣ የአባት ስም፣ አውራጃ፣ ቀበሌ፣ የታቦቱንም የመስጊዱንም ስም ሳይቀር ጽፏል። ደብዳቤ የሚጽፍልን እሱ ነው። ከጅጅጋ በኋላ ደግሞ የወደቁትን ልጆች ወላጆች እያነሣ መጻፍ ጀመረ። ማንም አላዘዘውም፤ መሥሪያ ቤቱ የሚያደርገው የራሱ አሠራር አለው። እሱ ግን ‹እናቱ ከቢሮ ወረቀት አትሰማም፤ ልጄ ከማን ጋር ነበር፣ የመጨረሻ ምን በላ ትላለች› ይል ነበር። ማታ ማታ በኩራዝ ሲጽፍ አየዋለሁ። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ሳይሄድ ውዳሴ ማርያሙን ይደግማል። እኔ ስሰግድ እሱ ይጠብቃል፤ እሱ ሲጸልይ እኔ እጠብቃለሁ፤ እንዲህ ነው ያለፍነው።»

ከኦጋዴን በኋላ ባሻ ወደ ሰሜን ተዛወሩ። ከ1977ቱ ድርቅ በፊት ካገቧት ባለቤታቸው ጋር በዓመት አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴም በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ እየተያዩ ሦስት ልጆች ወለዱ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ከኤርትራ ተነሥተው ትግራይን በእግራቸው አቋርጠው፣ መንደራቸውን በስተ ቀኝ ትተው በቀጥታ ደሴ፣ ሃምሳ አለቃው ቤት ነበር የገቡት። እግራቸው አብጦ ጫማ አይገባላቸውም። ሃምሳ አለቃው፣ «ቤትህ እኮ ከዚህ በፊት ነበር፣ ለምን አለፍከው ብለው፣ ‹እንዲህ ሆኜ ልጆቼ አያዩኝም› አለኝ» ሲሉ ድምፃቸው ተቆረጠ። ቁስሉ ደርቆ፣ ንጹሕ ሱሪና ሸሚዝ ተገኝቶ፣ ጸጉራቸውን ተስተካክለው ነው ወደ አምባሰል የወጡት። 23 ዓመት ያገለገለ ሰው እንዲህ ያለ አንዳች ወረቀት፣ ያለ አንዳች ምስጋና ወደ ቤቱ መመለሱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እሳቸው ግን ሲያማርሩ ሰምቼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ ገዝተን በሐይቅ በኩል ወደ ውጫሌ ተጓዝን። ባሻ እኛን የእህታቸውን ልጆች ለክረምት ስንሄድላቸው፣ የውጫሌ ውል በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. ወደ ተፈረመበት ወደ ይስማ ንጉሥ ወስደው ስለ አድዋ ያስተምሩን ነበር። ዛሬ ግን ጊዜ አልነበረንም። ከአስፋልቱ ወጥተን መኪናው የሚችለውን ያህል ሄደን የቀረውን በእግር ወጣነው። እናቴ ግቢው በር ላይ ስትደርስ ዓመቱን ሙሉ የያዘችውን ልቅሶ አወጣችው። የባሻ ባለቤት፣ እትዬ፣ ጥቁር ነጠላቸውን አደግድገው ወጥተው አቀፏት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት መጻፍ አልችልም።

እሑድ፣ ኅዳር 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

ሌሊቱን ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱና ዳዊት ሲደግሙ አደሩ። ጠዋት በመንደሩ ሚካኤል ተቀድሶ፣ ከቅዳሴ በኋላ መቃብራቸው ላይ ዕጣን ታጠነ። መቃብሩ በቤተ ክርስቲያኑ በስተ ሰሜን፣ ከጥዱ ሥር ነው፤ ለጊዜው በድንጋይ ብቻ የተከበበ ነው። እናቴ ተንበርክካ ድንጋዮቹን በመዳፏ አንድ በአንድ ዳበሰች።

ወሎ ዕድሩን ቅሬ ነው የሚለው። የባሻ ቅሬ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም አንድ ላይ የያዘ ስለሆነ ሁለት በሬ ታርዷል፤ አንዱን የሙስሊም ጎረቤቶች ራሳቸው አርደው፣ በራሳቸው ድስት ሠርተው፣ በሌላው ዳስ አቀረቡት። የነቢያት ጾም ሊገባ ቀናት ሲቀሩት መሆኑ በጀ። ሼሁ ዱዓ አድርገው ሲጨርሱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ የሣር ክዳኑ ወርዶ ቆርቆሮ በለበሰበት ዓመት የሆነውን አነሡ፦ ቆርቆሮው ከአስፋልቱ ዳር ተራግፎ ወደ ላይ የሚያወጣው ሲጠፋ ባሻ መጀመሪያ የመጡት ወደ እሳቸው ቤት እንደ ነበር፣ በማግስቱም የመስጊዱ ጀመዓ በሙሉ እየተጫነ እንዳወጣው። «ወዲያው በዓመቱ የመስጊዳችን አጥር ሲሠራ ባሻ ድንጋይ ሲያቀብል ዋለ» አሉ። ዳሱ ውስጥ የነበረው ሁሉ «እውነት ነው» አለ።

ባሻ ካህን አልነበሩም፤ ዲያቆንም አልነበሩም። በ1983 ዓ.ም. ከተመለሱ በኋላ በእርሻው ሥራ ብዙ ተቸግረዋል፤ እጃቸው ሞፈርና ቀንበር ከለቀቀ 23 ዓመት ሆኖት ነበር። ለሦስቱ ልጆቻቸው ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ ተክለው፣ የልጁ ተራ ሲደርስ የራሱን ረድፍ እየሸጡ አስተማሯቸው፤ ዛሬ አንዷ ነርስ፣ ሁለቱ መምህራን ናቸው። ለደብሩ የሰበካ ጉባኤ አባልና የዕቃ ቤት ኃላፊ ሆነው እስከ ሞታቸው አገልግለዋል። የዚህን አገልግሎት ዓይነት ያየሁት ዛሬ፣ ከማዕዱ በኋላ፣ መሪጌታው ከዕቃ ቤት አንድ ደብተር አውጥተው ሲያሳዩኝ ነው።

ደብተሩ ተራ የተማሪ ደብተር ነው፤ ጫፉ በላብ ጠቁሯል፤ ሽፋኑ በስኳር ከረጢት ላስቲክ ተሰፍቷል። እያንዳንዱ ገጽ በማስመሪያ ተሰምሮ በአምድ ተከፍሏል፦ ተራ ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ የሚገኝበት ሁኔታ፣ የሚቀመጥበት ቦታ፣ አስረካቢ፣ ተረካቢ። ጦር ሠራዊት ውስጥ ንብረት የሚመዘገበው እንዲህ እንደሆነ የቤተሰቡ ወታደሮች ነግረውኛል። በዚህ ግን የተመዘገበው ጥይትና ብርድ ልብስ አይደለም። ከበሮ 2፣ አንዱ ቆዳው የላላ። ጸናጽል 9፣ ሁለቱ ጥገና የሚያስፈልጋቸው። መቋሚያ 14። የብር መስቀል 1፣ ደህና። ግንዘት 1፣ የመጨረሻ ሁለት ቅጠሉ የጎደለ። ጃንጥላ 3፣ አንዱ ከአገልግሎት ውጪ። በየዓመቱ ከሐምሌ በፊት ቆጠራ ተደርጎ፣ አስተዳዳሪው፣ መሪጌታውና ባሻ ፈርመዋል። አንድ ዓመት እንኳ አልተዘለለም።

የመጨረሻው ቆጠራ ግን በወቅቱ የተደረገ አይደለም። ቀኑ መስከረም 28 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ ጦርነቱ ወደ አምባሰል እየቀረበ የመጣበት ሳምንት። ጽሑፉ እንደ ሌላው ጊዜ የተስተካከለ ነው፤ ዕቃው ሁሉ፣ ብዛቱ፣ ሁኔታው አለ። «የሚቀመጥበት ቦታ» የሚለው አምድ ብቻ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው። መሪጌታው ጣታቸውን በባዶው አምድ ላይ አውርደው እንዲህ አሉኝ፦ «ቦታውን የምናውቀው እኔ፣ አስተዳዳሪውና እሳቸው ነበርን። ‹የተጻፈ ይነበባል፤ ብንሞት እንኳ ሦስታችንም አንሞትም፤ አንዳችን ያወጣዋል› አሉን። ወጣቶቹ ሲሸሹ እኛም እንሂድ ብንላቸው፣ ‹እኔ የተረከብኩትን ለማን አስረክቤ ነው የምሄደው?› ብለው ቀሩ።» ሕመማቸው የደም ግፊት ነበር። መድኃኒታቸው አልቆ፣ የሚገዛበት ጠፍቶ፣ ከቤታቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን በቀን ሁለት ጊዜ መመላለሱን ሳይተዉ በኅዳር ወር አረፉ። በታኅሣሥ መንገዱ ሲከፈት ዕቃው ከተደበቀበት ወጥቶ በዚሁ ደብተር ተቆጠረ። በገጹ ግርጌ በመሪጌታው እጅ የተጻፈው አንድ መስመር «ሁሉም ተቆጥሮ ልክ ሆኖ ተገኝቷል» ይላል።

እናቴ ደብተሩን ተቀብላ ብዙ ጊዜ ፊርማውን አየች። ከእርጅና የተነሣ መንቀጥቀጥ የጀመረ እጅ ነው፤ ሆኖም ከፊርማው ሥር መዓርጋቸውን ሳይጽፉ ያለፉበት ገጽ የለም። ሠራዊቱ የተበተነ ቢሆንም ባሻ በዚህ ደብተር ላይ እስከ መጨረሻው ሻምበል ባሻ ነበሩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

የሚካኤል ንግሥ ነው። ታቦቱ ሲወጣ ከየቀበሌው የመጣው ሕዝብ ዳገቱን ሞላው። ባሻ በዚህ ቀን ከጠዋቱ ጀምሮ ነጭ በርኖሳቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው በደጀ ሰላሙ በር ቆመው ወንዱን በአንድ በኩል፣ ሴቱን በሌላ በኩል ያሳልፉ፣ ለአረጋውያን ጥላ ያለበትን ቦታ ያስለቅቁ እንደ ነበር ያልነገረኝ ሰው የለም። ዛሬ ይህን የሚያደርጉት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ናቸው። አንዱ፣ ምናልባት 16 ዓመት ቢሆነው፣ የሚገፋውን ሰው ሳይጮኽ፣ ክንዱን ብቻ እየዘረጋ ሲያስተካክል ቆሜ አየሁት። ማን እንዳስተማረው ስጠይቀው «ባሻ» አለኝ፤ ሌላም ሳይጨምር ወደ ሥራው ተመለሰ።

እትዬ ዛሬ የጥቁሩን ነጠላ ለውጠው ነጭ ለበሱ። ዓመቱ ስለሞላ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13 ቀን 2015 ዓ.ም.

ከእትዬ ጋር ተሰናብተን ወረድን። ባሻ በሕይወት ሳሉ በየዓመቱ የሚሳለሙት ሐይቅ እስጢፋኖስን ስለነበር እዚያ ቆምን። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበትና አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ይህ ገዳም ሴት ስለማያስገባ፣ እናቴ በሐይቁ ዳር ቀርታ እኔ ገብቼ የባሻን የክርስትና ስም ለጸሎት አስመዘገብኩ። ስሙን የተቀበሉኝ አባት «ወታደሩ ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ያውቋቸው ነበር። ሲመጡ ሁልጊዜ የሚያቀርቡት የስም ዝርዝር ረጅም እንደነበረና አብዛኞቹ የወጣት ስሞች እንደሆኑ፣ አንድ ጊዜ ማን እንደሆኑ ሲጠይቋቸው «የጅጅጋ ልጆች» እንዳሏቸው ነገሩኝ። ደብዳቤ የጻፉላቸው ልጆች መሆናቸው ነው። ዝርዝሩን ገዳሙ አስቀምጦት እንደሆነ ብጠይቅ፣ አባ ከመዝገባቸው መሐል አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡልኝ፤ እኔም ባሻን በእጄ ከዝርዝሩ ግርጌ ጨመርኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ደሴ ላይ ከአንድ የመቃብር ድንጋይ ጠራቢ ጋር ተነጋገርን። ምን ይጻፍ በሚለው ነገር እናቴና የአክስቴ ልጅ ትንሽ ተከራከሩ፤ እሱ መዓርጋቸውና ካራማራ ይበቃል አለ፤ እናቴ ደግሞ አሳዳጊነታቸው ሳይጻፍ መቅረት የለበትም አለች። በመጨረሻ የተስማማነው አራት መስመር ነው፦ ስማቸውና መዓርጋቸው፤ የሦስተኛው ክፍለ ጦር ስምና የአገልግሎት ዘመናቸው ከ1960 እስከ 1983 ዓ.ም.፤ «የደብሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ»፤ ከዚያም «የታናናሾቻቸውና የልጆቻቸው አባት»። ጠራቢው ከጥምቀት በፊት እንደሚያደርስ ቃል ገባ። ሃምሳ አለቃው እስከ አስፋልቱ ዳር በራሳቸው መኪና ሊያደርሱት፣ ከዚያ ወደ ላይ ደግሞ ቅሬው ሊያወጣው በስልክ ተስማምተናል።